«ዛሬ ማንጎ የለም» የሚል ጁስ ቤት

ጥሩ ጁስ ቤት ማለት ፍሬ የሚያውቅ፣ ያልደረሰውንም ለደንበኛው ላለመሸጥ የሚጨክን ሰው ያለበት ቤት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። ብሌንደር ይፈጫል እንጂ አያበስልም። ጥሬ አቮካዶ ቢፈጩትም ጥሬ ነው፤ ስኳር ቢነሰንሱበት ጥሬነቱን ይሸፍነው እንደሆን እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ አራዳና ፒያሳ ላይ ጁስ ሊጠጣ የወጣ ሰው ከብርጭቆው በፊት መደርደሪያውን፣ ከመደርደሪያውም በፊት ከኋላው የቆመውን ሰው መመዘን አለበት።

ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ጁስ ጥም መቁረጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በማንኪያ የሚበላው ወፍራም አቮካዶ ከዳቦ ጋር ሲሆን የተማሪ ምሳ፣ የሠራተኛ መክሰስ፣ የጿሚ ማፍጠሪያ ነው። የምንጠግብበትን ነገር ደግሞ ለይተን ማወቅ ይገባናል። ከዚህ በታች ያሉት መመዘኛዎች ማንም ሰው በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በምላሱ ሊሞክራቸው የሚችላቸው ናቸው።

ፍሬው ከየት መጣ?

አራዳ ከጥንትም የገበያ ሰፈር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ የሚቆመው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ሲገፋ ሰፈሩ ፒያሳ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ፤ ካፌውና ኬክ ቤቱም በረከተበት። የፍራፍሬው ንግድ ግን ከአራዳ ብዙም አልራቀም። ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ፍራፍሬ በጅምላ የሚራገፈው እዚሁ አትክልት ተራ ነበር። ሌሊቱን ከአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ፣ ከሲዳማ አቮካዶና አናናስ የጫነው አይሱዙ ገብቶ ያድር ነበር። የፒያሳው ጁስ ቤት ባለቤት ሲነጋ በእግሩ ወርዶ፣ እያገላበጠና እያሸተተ መርጦ፣ አሸክሞ ይመለስ ነበር። የፒያሳ ጁስ ስም ያገኘው በዚህ ቅርበት ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ጃንሜዳ ለጥምቀት መለቀቅ ስለነበረበት ንግዱ ወደ ከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በመልሶ ማልማቱ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ትናንሽ የንግድ ቤቶችም አብረው ተነሡ። ዛሬ ፒያሳ ላይ ጁስ የሚሸጥ ሰው ፍሬውን ከተማ አቋርጦ ማምጣት አለበት። ፍሬ በተጫነና በተራገፈ ቁጥር ይቀጠቀጣል፤ የተቀጠቀጠው ሥፍራም ውስጡ ይጠቁራል። በዚህ የተነሣ መምረጥ የሚችል ዓይን ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ አለው። ከባለቤቱ ጋር ከተግባቡ «ማን ነው የሚገዛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ራሱ ሄዶ የሚመርጥ ሰው ይህን በኩራት ይናገራል። የመጣለትን የሚቀበል ሰው የሚያወራው ስለ ዋጋ ነው።

መደርደሪያውን ማንበብ

ገብተው ከመቀመጥዎ በፊት የተደረደረውን ፍሬ ይመልከቱ። አቮካዶ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ከተቀጠፈ በኋላ ነው የሚበስለው፣ ይህም ቀናት ይፈጃል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አቮካዶውን ለዛሬ፣ ለነገና ለከነገ ወዲያ እያለ ለይቶ ያስቀምጣል። ለማፍጠን የፈለገውን ከሙዝ ጋር ያከማቸዋል፤ ሙዝ ሲበስል የሚተነፍሰው ኤትሊን የሚባል ጋዝ አጠገቡ ያለውንም ፍሬ ያበስላልና። መደርደሪያው ላይ ያለው አቮካዶ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ብሌንደሩ ግን ያለማቋረጥ የሚጮህ ከሆነ፣ ጓዳ ውስጥ የሚፈጨው ምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ ያሽትቱ። ጥሩ ጁስ ቤት ዘይቱን ይሸታል፤ በወቅቱ ከሆነ ማንጎም። የጠላ ድፍድፍ የመሰለ ጎምዛዛ ሽታ ካለ ትናንት ተልጦ ያደረ ፍሬ አለ ማለት ነው። ሙዙ ላይ የጋዝ ሽታ ካለም ልብ ይበሉ። በአገራችን ሙዝን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በኬሮሲን ጭስ ማብሰል የቆየ ልማድ ነው። በጥንቃቄ ካልተሠራ ሽታው ልጣጩ ላይ ይቀራል፤ ጁሱም ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ትልቁን ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ዛሬ የትኛው ደርሷል?» «ሁሉም አለ» የሚል መልስ ብዙም አይረባም። የምወደው መልስ እንዲህ ያለው ነው፤ «ጋሼ፣ ማንጎው ለነገ ነው። ዛሬ ፓፓያው ይሻልዎታል፤ ከአቮካዶ ጋር ላድርግልዎት?» እንዲህ የሚል ልጅ የአንድ ብርጭቆ ሽያጭ ትቶ ስሙን ጠብቋል። «ዛሬ ማንጎ የለም» መባል ቅር ሊያሰኝ አይገባም። ማንጎ ወቅት አለው። ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ አንድ ዓይነት ማንጎ አለኝ የሚል ቤት ወይ ጥሬውን ይሸጥልዎታል፣ ወይ ከቆርቆሮና ከዱቄት ያዘጋጅልዎታል።

አቮካዶ፤ የቤቱ መሠረት

አቮካዶ ኢትዮጵያ የገባው በቅርብ ነው። በተለምዶ የሚጠቀሰው ዓመት እ.ኤ.አ. 1938 ሲሆን፣ በሂርናና በወንዶ ገነት የግል አትክልተኞች እንደተከሉት ይነገራል። ዛሬ ግን የጁስ ቤት መሠረት እሱ ነው፤ ቤቱንም መጀመሪያ በእሱ መመዘን ይሻላል።

የደረሰ አቮካዶ መዳፍ ውስጥ ሲያዝ እሺ ይላል፤ ጣት አይሰምጥበትም። እንጨቱ የተቀጠፈበት ጫፍ ሲነሣ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ውስጡ ጤነኛ ነው፤ ቡናማ ከሆነ አልፎበታል። ዕድሜው ሳይደርስ የተለቀመ አቮካዶ ቢለሰልስ እንኳ ቅባት የለውም፤ ልጣጩ ይጨማደዳል፣ ሥጋውም ላስቲክ ላስቲክ ይላል።

ብርጭቆው ሲመጣ ሦስት ነገር ይዩ። አንደኛ ቀለሙ። ጥሩ የአቮካዶ ጁስ ቢጫ የቀላቀለ ለስላሳ አረንጓዴ ነው። ግራጫ ወይም ቡናማ ካለበት ከተፈጨ ቆይቷል፤ የተቆረጠ አቮካዶ አየር ሲያገኘው ይጠቁራልና። ሁለተኛ ውፍረቱ። አቮካዶ ያለ ትንሽ ውሃ ብሌንደር ውስጥ አይዞርም፤ ስለዚህ ውሃ መግባቱ ነውር የለውም። ነገር ግን ማንኪያ ሲያነሡ ጁሱ ማንኪያው ላይ መቆየት፣ ሲያዘነብሉትም በዝግታ መውረድ አለበት። ከማንኪያው ቶሎ የሚፈስ ከሆነ የከፈሉት ለውሃ ነው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሦስተኛ ልስላሴው። በምላስና በላንቃ መካከል ሲጫኑት ጠጣር ነገር ሊሰማ አይገባም። ጥሬው ከበሰለው ጋር ሲፈጭ ትናንሽ ጠጣር ቅንጣቶች ይቀራሉ፤ መራራነትም ይከተላል። አቮካዶ ሲሞቅ ይመርራልና ብሌንደሩን ለረጅም ጊዜ ማስጮህም ጣዕሙን ይጎዳል።

ሎሚው ደግሞ የግድ ነው። ብዙ ሰው ለጣዕም ብቻ ይመስለዋል። የሎሚ አሲድ የአቮካዶውን መጥቆር ያዘገያል፣ ከባዱን ቅባትም ያነቃዋል። ጥሩ አዘጋጅ ሎሚውን ዓይንዎ እያየ ቆርጦ በመጨረሻ ይጨምቅበታል፤ ወይም ግማሹን ከብርጭቆው ጋር ይሰጥዎታል። አንዳንድ ቤት አቮካዶው ላይ ቪምቶ የሚባለውን ጣፋጭ ሽሮፕ ያፈሳል። የሚወደው ሰው ብዙ ነው፤ አልነቅፈውም። ቤቱን ለመመዘን የገባ ሰው ግን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ያለ ቪምቶ ይዘዝ። ወይን ጠጅ ቀለሙና ጣፋጭነቱ የአቮካዶውን ጉድለት አያሳዩምና።

ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ አናናስ፣ ብርቱካን

ማንጎ የሚታወቀው በክሩና በሽታው ነው። ከዘር የበቀለው የአገራችን ማንጎ ክር ይበዛዋል፤ ጣዕሙ ግን ብዙ ጊዜ ከተሻሻሉት ዝርያዎች ይበልጣል። ያወቀበት አዘጋጅ ክሩን በማጥለያ ያወጣዋል፤ ያላወቀበት ደጋግሞ እየፈጨ ያደቀዋል። በጥርስዎ መካከል የሚቀረው ክር የሠራልዎት የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል። ቀለሙ ደማቅ ብርቱካንማ፣ መጨረሻው ላይ ጎምዘዝ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ምንም ሽታ ከሌለው የሚቀምሱት ስኳሩን ነው።

ፓፓያ ለአዘጋጁ ጥንቃቄ ፈተና ነው። ጥቁሩ ዘር ሲፈጭ የሚያቃጥልና የሚመርር ጣዕም ያወጣል፤ ስለዚህ በማንኪያ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ጁሱ ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካዩ የቸኮለ እጅ ነው ያዘጋጀው። ፓፓያ ብቻውን ኮምጣጣነት ስለሚጎድለው ያለ ሎሚ ይታክታል። ከወተት ጋር ከሆነ ደግሞ ወዲያው መጠጣት አለበት። ፓፓያ ውስጥ ያለው ፓፓይን የተባለ ኢንዛይም የወተቱን ፕሮቲን ይሰባብረዋል፤ ቆይቶም ያመርረዋል። አናናስም ብሮሜሊን በሚባለው ኢንዛይሙ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። አናናስ በወተት አዘጋጅቶ ፍሪጅ ውስጥ የሚያቆይ ቤት ይህን አያውቅም ማለት ነው።

ዘይቱን ለኔ የጥሩ ጁስ ሰሪ የመጨረሻ መለያ ነው። ዘሩ ጠንካራና ብዙ ነው። ብሌንደሩ ፍሬውን ለአጭር ጊዜ ብቻ መምታት አለበት፤ ከዚያ በወንፊት ይጠለላል። ዘሩ ከተፈጨ ጁሱ አሸዋ አሸዋ ይላል። ሥራው አድካሚ፣ ትርፉም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ቤት ትቶታል። በትክክል አጥልሎ፣ ሮዝ ወይም ነጣ ያለ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ የዘይቱን ጁስ የሚያቀርብ ቤት ካገኙ ሌላውንም በትክክል እንደሚሠራ አይጠራጠሩ።

ብርቱካን ይጨመቃል እንጂ አይፈጭም። ነጩ የልጣጭ ሽፋን አብሮ ከተፈጨ ይመርራል። ተጨምቆ የቆየም እንደዚሁ መራራነት ያበዛል፤ ስለዚህ ሲጨመቅ እያዩ መጠጣት ነው።

ስፕሪስ፤ የቤቱ ፈተና

ስፕሪስ፣ ማለትም በአንድ ብርጭቆ የተደራረበ የተለያየ ፍሬ ጁስ፣ እንደ ፈተና ወረቀት የቤቱን ዕውቀት በአንድ ብርጭቆ ዘርግቶ ያሳያል። አረንጓዴው፣ ብርቱካንማውና ቀዩ ተደርበው የሚቆሙት በውፍረታቸው ነው። አንዱ ፍሬ ውሃ ከበዛበት ድንበሩን ጥሶ ከሌላው ይቀላቀላል። ስለዚህ ስፕሪስ ውስጥ ውሃ መደበቅ አይቻልም። ድንበሩ ሳይፈርስ ለደቂቃዎች የሚቆይ ስፕሪስ ውሃው በልክ የሆነ ነው።

ይሁን እንጂ በመስታወቱ ዳር የሚታየው ውበት ብቻውን አይበቃም። ማንኪያዎን እስከ ታች ሰድደው ያውጡና እያንዳንዱን ድርብ ለየብቻው ይቅመሱ። ማንጎው ማንጎ፣ አቮካዶው አቮካዶ ማለት አለበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ጣፋጭ ከሆኑ ስኳር ተከፋፍለዋል። ለየብቻቸው ከቀመሱ በኋላ ጥቂት ያዋህዱና እንደገና ይቅመሱ። ጥሩ ስፕሪስ ለዘብ ያለውን ከጎምዛዛው፣ ቅባታሙን ከመዓዛማው ያጋባል፤ አቮካዶ ከማንጎ፣ ወይም ፓፓያ ከዘይቱን። በእኔ ግምት ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ በቂ ነው። አምስት ፍሬ የተደረበበት ብርጭቆ ለዓይን ያምራል፤ ምላስ ግን አንዱንም ለይቶ አያገኘውም።

ስኳር፣ አረፋና በረዶ

የደረሰ ፍሬ ስኳር እምብዛም አይፈልግም። «ስኳሩን ለብቻው» ብሎ ማዘዝ ቤቱን ለመመርመር ጨዋው መንገድ ነው። በፍሬው የሚተማመን ሰው «እሺ» ይላል። የሚያንገራግር ካለ ጁሱ ቀድሞ ተፈጭቶና ጣፍጦ ተቀምጧል ማለት ነው።

አረፋም ይታለፍ የሚባል አይደለም። ብሌንደር አየር ያስገባል፤ አየሩም ብርጭቆውን ሙሉ ያስመስለዋል። ጁሱ ሲመጣ ትንሽ ይታገሡ። አረፋው ሲወርድ ብርጭቆው ጉልህ ሆኖ ከጎደለ መለኪያው ልክ አልነበረም።

በረዶን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአራዳም አየር ለአብዛኛው ዓመት ቀዝቃዛ ነው። ፍሬው በጥላ ከተቀመጠ ጁሱ በራሱ ሙቀት ይጣፍጣል። ከመጠን ያለፈ ቅዝቃዜ ምላስን ያደነዝዛል፣ በረዶው ሲቀልጥም ጁሱን ያቀጥናል።

ውሃ፣ እጅና ቢላዋ

ይህ ክፍል ከጣዕም ይበልጣል። አቮካዶና ፓፓያ አሲድ የላቸውም ማለት ይቻላል። የአቮካዶ ፒኤች ከ6 በላይ ነው፣ የፓፓያም ከ5 በላይ። ሎሚ 2 ገደማ፣ አናናስና ብርቱካን ከ3 እስከ 4 ገደማ ናቸው። ከ4.6 በታች በሆነ አሲድ ውስጥ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ተህዋሲያን መራባት ይቸግራቸዋል፤ ከዚያ በላይ ግን ይመቻቸዋል። ይህ ማለት በጣም የምንወዳቸው ሁለቱ ወፍራም ጁሶች ራሳቸውን መከላከል የማይችሉ ናቸው ማለት ነው። በአገራችን ልዩ ልዩ ከተሞች በካፌና በጁስ ቤት ጁሶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የንጽህና ጉድለትን የሚያሳዩ ባክቴሪያዎች ማግኘታቸውን በተደጋጋሚ ዘግበዋል። ሎሚ ይረዳል፤ የቆሸሸ ውሃን ግን አያነጻም።

ስለዚህ ይመልከቱ። ፍሬው ከመላጡ በፊት ይታጠባል? ልጣጩ የማይበላ ቢሆንም ቢላዋው በልጣጩ ላይ ያለውን አፈር ወደ ሥጋው ይዞ ይገባል። ብርጭቆው የሚታጠበው በሚፈስ ውሃ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ በዋለ የሳፋ ውሃ? ብር የሚቀበለው እጅና ፍሬ የሚልጠው እጅ አንድ ነው? ብሌንደሩ በየመሐሉ ይለቀለቃል ወይስ የቀደመው ሰው ማንጎ ከእርስዎ አቮካዶ ጋር ይመጣል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ንጽህናን መጠበቅ ወጪ እንዳለው አውቃለሁ። ያንን ወጪ የሚያወጣ ቤት ጥቂት ብር ቢያስጨምር ይገባዋል።

የጾም ቃል

ፒያሳ በአንድ ወገን ጊዮርጊስ፣ በሌላ ወገን ኑር መስጊድ ያሉባት ሰፈር ናት። በሁዳዴ 55 ቀን፣ በየረቡዕና ዓርቡ፣ በረመዳንም አመሻሽ ላይ ጁስ ቤቱ ይሞላል። ለጿሚው ሰው ጁስ ሰሪው እምነት የተጣለበት ሰው ነው። ወተት የተመታበት ብሌንደር ሳይታጠብ የጾም ጁስ ሊሠራበት አይገባም። ጥሩ ቤት ይህን ሳይጠየቅ ይጠብቃል፤ እንዲያውም ረቡዕና ዓርብ ወተት ለሚያዝዝ ሰው ብቻ የተለየ መፍጫ ያስቀምጣል። ጥያቄዎን በግልጽ ይጠይቁ፤ «የጾም ነው?» መልሱ ፈጣንና ቀጥተኛ መሆን አለበት። በአፍጥር ሰዓት ግን ሕዝብ ሲበዛ ቀድሞ መፍጨት የግድ ይሆናል። ያ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የተረፈውን ለነገ ማሳደር ነው።

ፍርዱ

ነገሩን ላሳጥረው። አንድን ጁስ ቤት ለመመዘን የፈለገ ሰው መጀመሪያ «ዛሬ የትኛው ደርሷል?» ይበል። ቀጥሎ አቮካዶ ያለ ቪምቶ፣ ስኳሩን ለብቻው፣ ከሎሚ ጋር ይዘዝ። በሌላ ቀን ስፕሪስ ይቅመስ። ዘይቱን ካላቸው ደግሞ ዘይቱን። እነዚህን ያለፈ ቤት ወንበሩ ቢያረጅ፣ ቦታው ጠባብ ቢሆን፣ ከፒያሳ ተነሥቶ ሌላ ሰፈር ቢገባ እንኳ ተከትለው ሊሄዱለት የሚገባ ነው።

ለአንባቢ አንድ ልመና አለኝ። ጁስ ሰሪው «ዛሬ ማንጎ የለም» ሲልዎት ተነሥተው ወደ ጎረቤት አይሂዱ። ተቀምጠው ያለውን፣ የደረሰውን ይዘዙ፤ «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ይበሉትም። ያልደረሰ ፍሬ የሚሸጠው የሚገዛው ሰው ስላለ ነው፤ እውነተኛውን ጁስ ሰሪ የሚያቆየውም እውነት ሲነገረው የማይቆጣ ደንበኛ ነው።